ቀላሉ የቴሌስኮፕ ተሸካሚ፦ ከአተካከል እስከ ክትትል

ትንሽ ቴሌስኮፕ ገዝተው ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ ወደ ካርቶኑ የሚመልሱት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያማርሩት ሌንሱን ነው። «ጁፒተር ይንቀጠቀጣል»፣ «ጨረቃን አገኘኋትና ወዲያው ጠፋችብኝ»፣ «ብሎኑን ሳጠብቀው ኮከቡ ይሸሻል» ይላሉ። ከእነዚህ ቅሬታዎች አንዱም ሌንሱን አይመለከትም። ችግሩ ቱቦውን በሚሸከመው ክፍል ላይ ነው፤ አቋሙ፣ ሚዛኑ ወይም የብሎኖቹ ጥብቀት አልተስተካከለም። እርማቱ ደግሞ ከትዕግሥት በቀር ብዙ ወጪ የለውም።

ይህ መመሪያ አልት-አዚሙት ስለሚባለው ቀላል ተሸካሚ ነው። ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ አለው። አንደኛው ወደ ላይና ወደ ታች ሲሆን ከፍታ ይባላል፤ አድማስ ላይ 0፣ በትክክል ከአናታችን በላይ 90 ዲግሪ ነው። ሁለተኛው ወደ ጎን የሚዞረው አዚሙት ነው፤ ከሰሜን 0 ተነሥቶ ምሥራቅ ላይ 90፣ ደቡብ ላይ 180፣ ምዕራብ ላይ 270 ዲግሪ ይደርስና ዞሮ ሰሜን ላይ ይገጥማል። ሰማዩ ከሚዞርበት ነጥብ፣ ከሰማይ ዋልታ ጋር ማስተካከል የለም፤ ማመጣጠኛ ክብደት በዘንግ ማንጠልጠልም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

ቅለቱን አይተው «የጀማሪ ዕቃ» የሚሉት አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1781 ፕላኔቷን ዩራነስን ያገኘው በዚሁ መርህ በሚንቀሳቀስ የእንጨት መቆሚያ ላይ በተጫነ ቴሌስኮፕ ነው። በሶቪየት ኅብረት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ሰማይን ማየት የጀመረው ባለ 6 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕም፣ ሃዋይ ላይ ያሉት ባለ 10 ሜትር የኬክ ቴሌስኮፖችም የሚዞሩት እንዲሁ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክብደቱ ወደ ጎን ሳይንጋደድ ቀጥ ብሎ መሬት ላይ ያርፋል። በእነዚህ ግዙፍ ዘመናዊ ቴሌስኮፖችና በእርስዎ መካከል ያለው ልዩነት እነርሱን ኮምፒውተር ሲያዞራቸው የእርስዎን የሚያዞረው እጅዎ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ወደ አንድ ግብ ይመጣል፦ እጅዎን ሲያነሡ ቱቦው ባለበት መቆየት፣ በአንድ ጣት ሲገፉት ደግሞ ሳያንገራግር መሄድ አለበት።

እግሮቹን መትከል

ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ሲረዝም ይዳከማል። ከውስጥ የሚወጣው የታችኛው ክፍል ከላይኛው ስለሚቀጥን፣ እስከ መጨረሻው ከተሳበ ትንሽ ነፋስ እንኳ ምስሉን ያርገበግበዋል። የምመክረው ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ነው። በሌንስ ቴሌስኮፕ ቱቦው ወደ ላይ ሲቀና የዓይን ሌንሱ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ቆመው ለማየት እግሮቹን ያስረዘሙ ሰዎች መጨረሻቸው መንበርከክ ነው። እግሮቹን ያሳጥሩ፣ ተቀምጠው ቁመቱን ይለኩ፣ የተቀመጠ ሰው ዓይንም ከቆመ ሰው ዓይን ይልቅ ረግቶ ያያል።

መሬቱ ወሳኝ ነው። ጠንካራ አፈር ከሁሉ ይሻላል። የእንጨት ወለልና በረንዳ የእግር ኮቴን ሁሉ ወደ ቱቦው ያስተላልፋሉ፤ ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ የሲሚንቶ ጣሪያ ደግሞ ሙቀቱን ሌሊት ስለሚለቅ ከላዩ ያለው አየር ይንተከተካል፣ ምስሉም አብሮ ይዋኛል። እግሮቹን አራርቆ የሚይዘውን ማገናኛ ወይም ዕቃ ማስቀመጫ ሳህን እስኪወጠር ድረስ ይዘርጉት። ከዚያ ሁሉንም ብሎንና ዳዶ አንድ በአንድ ይነካኩ፤ አዲስ ዕቃ ሲባል ሁሉም ጠብቆ የመጣ ይመስለናል፣ ብዙ ጊዜ ግን ሁለት ሦስቱ ላልተው ይገኛሉ።

ውሃ ልክ ካለዎት የመቆሚያውን አናት ያስተካክሉ። በእጅ እየገፉ ለማየት ብቻ ከሆነ ትንሽ መንጋደድ አይጎዳም፤ ቱቦውን በዲግሪ ቁጥር ለማነጣጠር ካሰቡ ግን የግድ ነው። ከመቆሚያው መሐል ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ወይም አሸዋ የያዘ ከረጢት ቢያንጠለጥሉ መርጋቱ በግልጽ ይታወቃል። ከረጢቱ በነፋስ እንዳይወዛወዝ ግን መሬት ነክቶ በከፊል ይረፍ።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ መፈተኛው ቀላል ነው። ብሩህ ኮከብ መሐል ያግቡ፣ ቱቦውን በጣትዎ ኳ ያድርጉና ምስሉ እስኪረጋ ሰከንድ ይቁጠሩ። በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ የሚረጋ ከሆነ መልካም ነው። አምስትና ከዚያ በላይ ከፈጀ ሌላ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ወደ እግሮቹ ይመለሱ፤ ከዚህ በኋላ የሚያደርጉት ማስተካከያ ሁሉ የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው።

ሚዛን

ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ደረጃ ነው፤ እኔ ግን ጊዜዬን የማጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሚዛኑ ያልተጠበቀ ቱቦ ብሎኑን በኃይል እንድናጠብቅ ያስገድደናል፤ በኃይል የጠበቀ ብሎን ደግሞ ለስላሳ እንቅስቃሴን ይገድላል።

በመጀመሪያ ቱቦው ላይ ሊኖር የሚገባውን ሁሉ ይግጠሙ፦ ምስሉን የሚያጥፈውን መስታወት፣ አብዝተው የሚጠቀሙበትን የዓይን ሌንስ፣ ዒላማውን ለማግኘት ቱቦው ጎን የሚገጠመውን ማነጣጠሪያ። የፊት ክዳኑንም ያንሡ፤ እርሱም ክብደት አለው። ከዚያ ቱቦውን በአንድ እጅ ደግፈው የከፍታውን መያዣ ያላሉ። ድጋፉን ቀስ ብለው ሲቀንሱ ፊቱ ከወረደ ቱቦውን ወደ ኋላ፣ ኋላው ከወረደ ወደ ፊት ያንሸራትቱት። ቱቦው የተያዘው በቀለበት ከሆነ የቀለበቱን ብሎኖች ትንሽ አላልተው፣ ከሥሩ ባለ ረጅም የብረት ሳንቃ ከሆነ ደግሞ ሳንቃውን የጨበጠውን ብሎን ፈትተው ነው የሚያንሸራትቱት። በዚህ ጊዜ ሁለተኛ እጅዎ ከቱቦው አይለይ።

አግድም ሚዛን መጠበቁ ግን አያበቃም። ቱቦው ከመዞሪያው ዘንግ በላይ የተጫነ ከሆነ ወደ ላይ ሲቀና ክብደቱ ወደ ኋላ ያጋድላል፤ አግድም ላይ ረግቶ የነበረው 60 ዲግሪ ላይ ራሱን ችሎ ወደ ኋላ ይወድቃል። ስለዚህ ሁለተኛውን ፍተሻ 45 ዲግሪ አካባቢ ያድርጉና ለዚያ ከፍታ የሚስማማውን ቦታ ይምረጡ፤ አብዛኛው የምናየው ነገር የሚገኘውም ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ነው። ቱቦው ከዘንጉ ጎን በሚያዝበት ባለ አንድ ክንድ ተሸካሚ ይህ ችግር በጣም ትንሽ ነው፤ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ ቱቦውን በሁለት ክንድ መሐል ከሚይዘው ሹካ መሰል ተሸካሚ ይልቅ እርሱን የምመርጥለት ለዚህ ነው።

የዓይን ሌንስ በቀየሩ ቁጥር ሚዛኑ በመጠኑ ይለወጣል። ለከባዱና ለቀላሉ ሌንስ የሚስማሙትን ሁለት ቦታዎች በእርሳስ ወይም በትንሽ ፕላስተር ምልክት ቢያደርጉባቸው በጨለማ መገመት አይኖርም። ሌንሱን ሲያወጡ ደግሞ ቱቦውን ይያዙት፤ ክብደቱ በድንገት ሲቀንስ ፊቱ ወደ ታች ይወርድና ያገኙትን ነገር ያጣሉ።

የመያዣው ጥብቀት

ሚዛኑ ከተገኘ በኋላ የከፍታውን መያዣ ሙሉ በሙሉ ያላሉና ሩብ ዙር በሩብ ዙር እየጨመሩ ያጥብቁ። በእያንዳንዱ ሩብ ዙር ቱቦውን በአንድ ጣት ይግፉት። በጣም ከላላ እጅዎን ሲያነሡ ይሰምጣል። በጣም ከጠበቀ ደግሞ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ግፊት ሲጨምሩ በድንገት ዘልሎ ያልፋል፤ የፈለጉት ፕላኔት ከእይታ የሚወጣው በዚህ ዝላይ ነው። የሚፈለገው በሁለቱ መካከል ያለው ጠባብ ቦታ ነው። በአዚሙትም እንዲሁ ያድርጉ፤ እዚያ የመሬት ስበት ስለማይጎትት ከከፍታው ላላ ቢል ይሻላል።

በጥብቀት ብቻ በሚሠሩ ተሸካሚዎች እርስ በርስ የሚፋተጉትን የፕላስቲክ ሮንደላዎች ግራሶ አይቀቧቸው፤ መፋተጋቸው ነው ቱቦውን የሚይዘው። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ በቂ ነው። ግራሶ የሚያስፈልገው ጥርስ ላለው ክፍል ነው፤ እዚያም በስሱ።

ሲገፉ የዓይን ሌንሱን ወይም ማነጣጠሪያውን አይያዙ። የቱቦውን ጫፍ ይያዙ። ከዘንጉ በራቁ መጠን የእጅዎ እንቅስቃሴ ሰማይ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ያንሳል፣ ቁጥጥርዎም ይጨምራል።

ማነጣጠሪያውን በቀን ማስተካከል

በቅድሚያ ማስጠንቀቂያው። ቴሌስኮፕ፣ ማነጣጠሪያውም ጭምር፣ ለዚሁ የተሠራ ማጣሪያ ከፊቱ ሳይገጠም በፍጹም ወደ ፀሐይ አይዞርም። የተሰበሰበው ብርሃን ዓይንን በቅጽበት ሊያጠፋ ይችላል፤ ጉዳቱም ሕመም ስለሌለው ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በቀን ሲሠሩ ፀሐይ በሕንፃ ወይም በግድግዳ በተከለለችበት ጥላ ውስጥ ይቁሙ፣ ልጆች ካሉም መሣሪያውን ትተው አይሂዱ።

ቢያንስ ብዙ መቶ ሜትሮች የሚርቅ የማይንቀሳቀስ ነገር ይምረጡ፤ የአንቴና ጫፍ ወይም የምሰሶ አናት ጥሩ ነው። የቅርብ ነገር አይሆንም፤ ማነጣጠሪያውና ቱቦው ጎን ለጎን ስለሆኑ በቅርብ ርቀት የሚያዩት አንድ ቦታ አይደለም። ዝቅተኛ ማጉላት ባለው የዓይን ሌንስ ጫፉን መሐል ካገቡ በኋላ ሁለቱንም መያዣዎች ያጥብቁ። ከዚያ ቱቦውን ሳይነኩ በማነጣጠሪያው ብሎኖች ብቻ ቀይ ነጥቡን ወይም መስቀሉን እዚያው ጫፍ ላይ ያምጡት። ወደ ከፍተኛ ማጉላት ቀይረው ይድገሙ። ሲመሽ በብሩህ ኮከብ ማረጋገጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ይህን በጨለማ ከባዶ መጀመር ግን ሌሊቱን ይበላል።

የዝግታ ማንቀሳቀሻዎች

የእርስዎ ተሸካሚ ቀጭን መጠምዘዣ ገመድ ወይም ከቱቦው ጎን የሚወጣ ዘንግ ካለው፣ ያ ለጥቃቅን እርምጃ ነው። ትልቁን እንቅስቃሴ በእጅ ይጨርሱ።

በርካሽ ሹካ መሰል ተሸካሚዎች ላይ የሚገኘው የከፍታ ዘንግ የሚሄድበት ርቀት የተወሰነ ነው። ጠርዝ ላይ ከደረሰ ቢጠመዝዙትም አይንቀሳቀስም፤ አንዳንዱ ሰው ተበላሸ ብሎ በኃይል ሲያዞረው ያን ጊዜ በእርግጥ ይበላሻል። ማየት ከመጀመርዎ በፊት መጠምዘዣውን የጉዞው መሐል ላይ ያድርጉት። አዲስ ነገር ለመፈለግ ዘንጉን የሚይዘውን ብሎን ያላሉ፣ በእጅ ያነጣጥሩ፣ ያጥብቁ፣ ከዚያ በመጠምዘዣው ይጨርሱ። ብሎኑን ሲያጠብቁ ቱቦው ትንሽ ዝቅ ይላል። ሁልጊዜ የሚወርደው በተቀራራቢ መጠን ስለሆነ ከዒላማው ጥቂት ከፍ አድርጎ ማነጣጠር ነው መፍትሔው።

ጥርስ ባላቸው ላይ ደግሞ አቅጣጫ ሲቀይሩ መጠምዘዣው ምንም ሳያንቀሳቅስ ትንሽ ባዶ ይዞራል። ጥርሶቹ መካከል ክፍተት ስላለ ነው። ከፍታን ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ እየሄዱ ይጨርሱ፤ ካለፉት ዝቅ ብለው እንደገና ከሥር ይምጡ። ክብደቱ ጥርሶቹን በአንድ ጎን ስለሚያሳርፋቸው ምስሉ አይንሸራተትም።

የመጀመሪያዋ ዒላማ

ጨረቃ ናት፤ ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ግማሽ አካባቢ፣ በብርሃኑና በጥላው ድንበር ላይ ጉድጓዶቹ ጎልተው የሚታዩበት ጊዜ። ቴሌስኮፑን ከማየትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ወደ ውጭ ያውጡት፤ ሌንሱ ከውጭው አየር ጋር ሙቀቱ እስኪመጣጠን ምስሉ ይደበዝዛል።

ማጉላት የሚገኘው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት (ብርሃኑ ተሰብስቦ ምስል እስኪሠራ ያለውን ርቀት) ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። 700 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ላለው ቱቦ 25 ሚሊሜትር ሌንስ 28 ጊዜ፣ 10 ሚሊሜትሩ 70 ጊዜ ያጎላል። ተራው የዓይን ሌንስ 50 ዲግሪ ያህል የእይታ ስፋት ካለው፣ 28 ጊዜ ሲያጎላ ሰማይ ላይ 1.8 ዲግሪ፣ 70 ጊዜ ሲያጎላ 0.7 ዲግሪ ብቻ ያሳያል። ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ናት። እንግዲህ በ28 ጊዜ መፈለግ ቀላል ነው፣ በ70 ጊዜ መፈለግ ራስን መቅጣት ነው። ሁልጊዜ በዝቅተኛው ይጀምሩ፣ መሐል ያግቡ፣ ከዚያ ይቀይሩ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን የማጉላት ቁጥር አይመኑት፤ ጠቃሚው ጣሪያ የፊት ሌንሱ በሚሊሜትር ያለው ስፋት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፣ ቀላል ተሸካሚ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ባለው ላይ ነው በደንብ የሚያገለግለው።

ክትትል

ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ሰማዩ በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ይሸሻል። ጨረቃ የራሷን ስፋት ያህል ለመሄድ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃታል። በ70 ጊዜ ማጉላት፣ ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትክክል በላይ ካለው የሰማይ መስመር) አጠገብ ያለ ኮከብ ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ሦስት ደቂቃ አይሞላውም፤ በ140 ጊዜ አንድ ደቂቃ ተኩል አይደርስም። ወደ ሰማይ ዋልታዎች የቀረበው ኮከብ ዘገም ይላል።

ጀማሪ ዒላማውን መሐል ለማቆየት በየሰከንዱ ይነካካል፣ በዚህም ምስሉ አንድም ጊዜ ሳይረጋ ይቀራል። ከዚህ ይልቅ እጅዎን ያንሡና ወዴት እንደሚሸሽ ይመልከቱ። ከዚያ ቱቦውን ገፍተው ዒላማው በመጣበት ጠርዝ ላይ ያቁሙት። እጅዎን ያንሡ። ንዝረቱ ይረጋል፣ ዒላማው በራሱ ጊዜ ወደ መሐል ይመጣል፣ ያልፋል። ማየት ያለብዎት በዚያ ጸጥ ባለ ጉዞ ውስጥ ነው፤ የሳተርን ቀለበት ከአካሉ ተለይቶ የሚታየው እጅ ቱቦውን ሲለቅ ነው። ሌላው ጠርዝ ላይ ሲደርስ እንደገና ይመልሱት።

ምስሉ ስለሚገለበጥ ወዴት መግፋት እንዳለብዎ ግራ ይገባዎታል። የሌንስ ቴሌስኮፕ ከማጠፊያ መስታወቱ ጋር ግራና ቀኝን ይለዋውጣል፣ ዓይን ከቱቦው ጎን የሚያይበት የመስታወት ቴሌስኮፕ ደግሞ ላዩን ታች ያደርገዋል። በቃል ለመያዝ አይድከሙ። ትንሽ ነካ አድርገው የሄደበትን ይዩ፣ እጅ በሁለተኛው ሌሊት ይለምደዋል።

የትኛውን መጠምዘዣ አብዝተው እንደሚጠቀሙ ግን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። በምድር ወገብ አካባቢ ላለ ተመልካች ከዋክብት ከምሥራቅ ቀጥ ብለው ይወጣሉ፣ በምዕራብ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፤ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ ሲያዩ ሥራው ሁሉ የከፍታው ነው። ከወገቡ ርቀው ሲሄዱ የከዋክብቱ መንገድ ያዘነብላል፣ ሁለቱም እጆች ይሠራሉ። በሰሜንና በደቡብ መስመር ላይ የደረሰ ኮከብ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ የሚፈልገው አዚሙትን ብቻ ነው።

አናት ላይ ያለው ችግር

ይህ ተሸካሚ በጣም የሚቸገረው በትክክል ከአናት በላይ ነው። እዚያ አካባቢ ዒላማው ጥቂት ሲንቀሳቀስ አዚሙቱ በሰፊው መዞር አለበት፤ ቱቦው ቀጥ ብሎ ስለቆመም ጎን የሚገፋበት ክንድ አይኖረውም። ረጅም ቱቦ ከሆነ ጀርባው ከመቆሚያው እግር ጋር ይጋጫል። በምድር ወገብ አቅራቢያ ጨረቃና ፕላኔቶች ብዙ ጊዜ በዚያ ስለሚያልፉ ችግሩ የበለጠ ይሰማል።

ከእርሱ ጋር መታገል ከንቱ ነው። አንድ ሰዓት ይጠብቁ፣ ዒላማው እስከ 15 ዲግሪ ይርቃል። ወይም አስቀድመው፣ ገና ወደ አናት እየወጣ ሳለ ይዩት። በዚያ መሐል ሌላ ነገር ማየት ነው። ቱቦው እግር ላይ የሚመታ ከሆነ ተሸካሚውን ዞር አድርገው በሁለት እግሮች መካከል ባለው ክፍተት እንዲወርድ ያድርጉት።

በቁጥር መፈለግ

የስልክ የሰማይ ካርታ ለማንኛውም ዒላማ የከፍታና የአዚሙት ቁጥር ይሰጣል፤ የዚህ ተሸካሚ ሁለት እንቅስቃሴዎችም እነዚሁ ናቸው። ቱቦው ላይ የሚቀመጥ የዲግሪ መለኪያ ከፍታውን ያነባል። ለአዚሙቱ 360 ዲግሪ የተሰመረበት ክብ ወረቀት ከመሠረቱ ዙሪያ ማጣበቅና ጠቋሚ ማድረግ ይበቃል። ክቡን በኮምፓስ አያስተካክሉ፤ የተሸካሚው ብረት መርፌውን ያዛባዋል፣ መግነጢሳዊው ሰሜንም ከእውነተኛው ይለያል። ስሙን የሚያውቁትን ብሩህ ኮከብ መሐል አግብተው ስልኩ የሚለውን ቁጥር ጠቋሚው እንዲያሳይ ክቡን ያዙሩት። ቁጥሮቹ ግን ቶሎ ያረጃሉ፤ ከአምስት ደቂቃ በፊት ያነበቡት ቁጥር ከአንድ ዲግሪ በላይ ሊስት ይችላል። አንብበው ወዲያው ይሂዱ።

በዓይን የሚታይ ምልክት ባለበት ግን ቁጥር አያስፈልግም። ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ፣ ከቀበቶው መሐለኛ ኮከብ ወደ ደቡብ 4 ዲግሪ ያህል ሲሄዱ ታላቁ የኦሪዮን ኔቡላ፣ የጋዝና የአቧራ ደመናው፣ አለ። ሰባቱ ከዋክብት በዝቅተኛው ማጉላት እይታውን ሞልተው ይታያሉ፤ ከፍ ካደረጉት ውበታቸው ይበተናል።

ፎቶግራፍና ማሸግ

ጨረቃንና ብሩህ ፕላኔቶችን በስልክ ማንሣት ይቻላል፤ የስልክ መያዣው ክብደት ስላለው ሚዛኑን እንደገና ይፈትሹ፣ መዝጊያውን በጊዜ ቆጣሪ ያስነሡ። ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ የሚቆይ የኔቡላና የጋላክሲ ፎቶ ግን ከዚህ ተሸካሚ አይጠብቁ። ሞተር ቢጨመርለት እንኳ በሁለቱ እንቅስቃሴዎች ሲከታተል ምስሉ በራሱ መሐል ላይ ቀስ በቀስ ይዞራል፣ ዳር ያሉት ከዋክብት ቅስት ይሆናሉ።

ሲጨርሱ ቱቦውን ጨብጠው ከያዙ በኋላ ብቻ መያዣዎቹን ያላሉ፤ መጀመሪያ ቱቦውን፣ ቀጥሎ ተሸካሚውን፣ በመጨረሻ እግሮቹን ይፍቱ። ሌንሱ ላይ ጤዛ ካለ አይጥረጉት። ቤት አስገብተው ፊቱን ወደ ታች ዘንበል አድርገው፣ ክዳን ሳያደርጉ ይተዉትና በራሱ ሲደርቅ ይክደኑት። የተፋታጊ ክፍሎቹን ብሎኖች ላላ አድርገው ያስቀምጡ፤ ለወራት ተጨቁኖ የቆየ የፕላስቲክ ሮንደላ ቅርጹን ይለውጣል፣ በሚቀጥለው ጊዜም እንቅስቃሴው ይንገራገጫል።